ያረጀ መጋረጃና አንሶላ ስለመረከብ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ ከእኛ የገዛችሁትን መጋረጃ፣ አንሶላና የሶፋ ልብስ ሲያረጅ መልሰን እንረከባችኋለን። ምክንያታችንን ልናስረዳችሁ ወደድን።

ገና የሚያገለግል ጨርቅ አዲስ አበባ ውስጥ ወድቆ አይቀርም። ልዋጮች በሳፋና በሳህን ይለውጡታል፤ ታጥቦ፣ ተጠግኖ ገበያ ይወጣል። በዚህ እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች አሉና ልንሻማቸው አንፈልግም፤ ደህና ደህናውን ለእነሱ ስጡ። የሚያሳስበን ልዋጩም ቆራሌውም አገላብጠው አይተው የሚመልሱት ነው። እሱ በማዳበሪያ ታስሮ ቆሼ ይጣላል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የቀድሞው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 እንኳ ለጎማ፣ ለጠርሙስና ለፌስታል የየራሳቸው አንቀጽ ሲሰጥ ጨርቅን ለብቻው አላነሳም።

በእኛ እምነት ይህ ጣጣ የሰፊውና የሻጩ ነው። ጨርቁን መርጠን ያመጣነው እኛ ነን። ጥጥና ፖሊስተር ተቀላቅሎ ከተሸመነ በኋላ ክሩን መለየት እጅግ ከባድ ነው፤ ይህን ደግሞ ገዢ በእጁ ዳስሶ ሊያውቅ አይችልም። ፈረንሳይ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ ልብስ፣ ጫማና አንሶላ የመሳሰሉትን ለገበያ የሚያቀርቡ ድርጅቶች የመሰብሰቢያውን ወጪ እንዲሸፍኑ ያደረገችው በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

አንሶላ ቶሎ የሚሳሳው መሐሉ ነው፤ ዳርና ዳሩ ጠንካራ እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ ከዳሩ የትራስ ልብስ እንሰፋለን፣ የሳሳው ጥጥ ዘይት ስለሚመጥ የጋራዥ መጥረጊያ ይሆናል። መጋረጃ ግን ብዙ ሥራ አለው፦ ቀለበቱ ይወልቃል፣ ከላይ የተሰፋው ቴፕ በምላጭ ይተረተራል። ፖሊስተሩ እንደ ጥጥ ስለማይመጥ ተቆራርጦ ለመከዳ መሙያ ይውላል።

ስታስረክቡ ምንም አትከፍሉም። የሠራተኛውን ድካም በአዲስ ዕቃ ዋጋ ላይ ስለምናካትት ግን ዋጋችን በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ይህን ከአሁኑ እንድታውቁት እንፈልጋለን። አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ አምጡልን። የሻገተውን አንቀበልም፤ ሻጋታው አብሮት የተከመረውንም ያበላሻል።

ከሌላ ቤት የገዛችሁትን ለመቀበል ለጊዜው ቦታውም አቅሙም የለንም። እባካችሁ የገዛችሁበትን ሱቅ «ሲያረጅ ትረከቡኛላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከእኛ ጥያቄ ይልቅ የገዢ ጥያቄ ይሰማል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የመጋረጃና የአልጋ ልብስ ስፌት ቤታችሁ