የኮረኮንች ብስክሌት የሚገዙ ወገኖች ከማርካው በፊት የጎማውን ስፋት ይመልከቱ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል፣ በመጪው ጥቅምት ከፒትስበርግ ተነሥተው እዚሁ ዲሲ እስካለው ጆርጅታውን በብስክሌት ለመጓዝ የተሰናዱ ወጣቶች ምክር ፈልገው ጠይቀውኛል። የሁሉም ጥያቄ «የትኛውን ማርካ እንግዛ?» የሚል ነበር። እኔ ደግሞ መጠየቅ ያለበት መንገዱ ነው ብዬ ስለማምን፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላላቸው አንባቢዎችም ይጠቅም እንደሆነ በማለት ይህን ደብዳቤ ልኬያለሁ።

ጉዞው በጠቅላላው 538 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መንገዱ ሁለት ጠባይ አለው። ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ያለው 240 ኪሎ ሜትር ያህል የቀድሞ የባቡር መስመር በመሆኑ፣ እስከ 729 ሜትር ከፍታ ቢወጣም ዳገቱ ለዘብ ያለ ነው፤ አብዛኛው ወለሉም በደቀቀ የኖራ ድንጋይ ስለተደለደለ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ በደረቅ ቀን ያለ ችግር ይሄድበታል። ከከምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን ያለው 297 ኪሎ ሜትር ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1828 ሥራው ተጀምሮ እስከ 1924 ድረስ ያገለገለውን የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ተከትሎ የሚሄድ፣ ጀልባ የሚጎትቱ በቅሎዎች ይመላለሱበት የነበረ የአፈር መንገድ ነው። በቅርብ ዓመታት የተደረገው ጥገና አንዳንዱን ስፍራ በጠጠር ቢያስተካክለውም፣ ሌላው ቦታ የዛፍ ሥር ያቋርጠዋል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሸክላው እንደ ሊጥ ይሆናል።

ይህን የተማርኩት ተቸግሬ ነው። የመጀመሪያውን ጉዞዬን ያደረግሁት ሻጩ «ኮረኮንች ላይም ይሄዳል» ብሎ በሸጠልኝ፣ ጎማው 28 ሚሊ ሜትር በሆነ ብስክሌት ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ በቦዩ መንገድ ላይ ወዳለው ፖው ፖው ዋሻ ስንቃረብ፣ ጭቃውና የረገፈው ቅጠል በጎማውና በፍሬሙ መካከል ተጠቅጥቆ ቸርኬው መዞር አቃተው። በእንጨት ስንጣሪ እየፈለፈልኩ ጥቂት ሜትር እሄዳለሁ፤ መልሶ ይሞላል። ባልደረቦቼ ሰፊ ጎማ ስለነበራቸው እየነዱ አለፉ፤ እኔ ግን ጓዜን የጫነውን ብስክሌት ከአንድ ሰዓት በላይ ገፋሁት።

ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍሬሙ ምን ያህል ስፋት ያለው ጎማ እንደሚያስገባ ነው። ለዚህ መንገድ 45 ሚሊ ሜትር ጎማ ገብቶ፣ በዙሪያው ጭቃ የሚያልፍበት ክፍተት፣ ከተቻለም የፓራፋንጎ ቦታ ሊተርፍ ይገባል። እንዲህ ያለ ጎማ እንደ አስፋልት ብስክሌት መወጠር አያስፈልገውም፤ እንደ ነጂውና እንደ ጭነቱ ክብደት ከ35 እስከ 45 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ቢነፋ ንዝረቱን ራሱ ስለሚውጠው፣ ለፊት ሞላ ተጨማሪ ገንዘብና ክብደት መክፈል አይገባም። ቤቱ ውስጥ ደህና የተራራ ብስክሌት ያለው ሰው ግን አዲስ አይግዛ፤ ጥርሱ ያልበዛ ጎማ ቀይሮለት ቢሄድ ይበቃዋል።

ከጎማው ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ብስክሌቱ ለነጂው ቁመት መስማማቱ ነው። እኔ ባሕር ዳር ሳድግ ወንድማማቾች በአንድ ብስክሌት እንፈራረቅ ነበር፤ ለአጭር መንገድ ይህ አይጎዳም። በቀን ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ለስድስትና ለሰባት ቀን ሲነዳ ግን በሁለት ሣንቲ ሜትር የተዛነፈ ኮርቻ ጉልበት ያሳምማል፤ የራቀ መሪም ጣት ያደነዝዛል። ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግር ቀጥ ማለት አለበት። እጅ የሚያዝበትን ቦታ እየለዋወጡ ለመንዳትም ወደ ታች የታጠፈ መሪ ይመረጣል።

ፍሬሙ ብረት ይሁን አሉሚኒየም ብዙ አያጨቃጭቅም፤ የፖርቶ መጋላ ማሰሪያ ቀዳዳ መኖሩ ይበልጣል። ፍሬኑ የዲስክ ቢሆን በጭቃ ውስጥ አስተማማኝ ነው። የፖው ፖው ዋሻ 950 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ጨለማና መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ፣ በቂ መብራት ይዞ ብስክሌቱን እየገፉ ማለፍ ያስፈልጋል።

ወጣቶቹን የምለምናቸው፣ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ያሰቡትን ዓይነት ብስክሌት ለአንድ ቀን ተከራይተው፣ የሚይዙትን ጓዝ ሁሉ ጭነው ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው እንዲመለሱ ነው፤ በተለይም ዝናብ ባባራ ማግስት። ለዚህ ሙከራ ጊዜ እንዲያገኙ ደብዳቤዬ ከመስከረም አጋማሽ በፊት ቢወጣልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ