ደንበኞቼ ሆይ፣ ለልጄ ብስኩት ይዛችሁ አትምጡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኮምቦልቻ ውስጥ በልብስ ስፌት የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለቤቴ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ልጃችን ቀኑን የሚውለው እኔ ጋ ሱቅ ነው። የምጽፈው ስለዚያ በየቤቱ ስለሚሰማው "ልጄ ምግብ አልበላ አለኝ" ነው። ደንበኞቼም ጋዜጣችሁን ስለሚያነቡ ይህን ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

የወሎ ሰው ልጅ ያለበት ቤት ባዶ እጁን አይገባም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ብስኩት ይዞ ይመጣል። ቀሚስ ልትለካ የመጣችው ከቦርሳዋ ከረሜላ ታወጣለች። ጁስ የሚገዛለትም አለ። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን አራት ሰዓት ላይ ብስኩት፣ አምስት ሰዓት ላይ ከረሜላ የበላ ልጅ፣ ምሳ ሲቀርብ አፉን ግጥም ያደርጋል። ያን ጊዜ ያው ደንበኛ "እናቱ ምግብ አላስለመደችውም እንዴ?" ይላል። እናቱ ምን አደረገች? ልጁ እኮ ጠግቧል። የእሱ ሆድ ከጡጫው ብዙም አይበልጥም።

ሌላም ነገር አለ። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እድገቱ ረገብ ይላል፣ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። ወላጅ ይደነግጣል። እናቴ የ77ቱን ክፉ ቀን ያየች ናት፤ ልጅ እህል እንቢ ሲል የሚይዛት ድንጋጤ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቢሆንም እጁን ይዞ መጋት ይቅርብን። ትን ሊለው ይችላል። ከምግቡም ጋር ያጣላዋል። የእኛ ድርሻ ጥሩ ምግብ በሰዓቱ ማቅረብ ነው። ስንት ጉርሻ እንደሚበቃው እሱ ያውቃል።

እኛ ዘንድ የሠራውን ልንገራችሁ። ምሳ ሲደርስ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጨርቁን አንስተን፣ እኔ፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅና ሕፃኑ አንድ ትሪ እንቀርባለን። ለእሱ የተለየ ምግብ የለም። በእሱ በኩል ትንሽ የተቀቀለ ካሮት አስቀምጣለሁ፣ "ብላ" ግን አልለውም። መጀመሪያ በጣቱ ገፋው። ቆይቶ አንስቶ ያገላብጠው ጀመር። ከዚያ ነክሶ ተፋው። ዝም አልኩ፣ ሌላ ቀን መልሼ አቀረብኩ። አንድ ቀን የራሱን ትቶ ከእኔ ፊት ያለውን አንስቶ ዋጥ አደረገው። አሁን ካሮት ከሌለ "የታለ?" ይላል። የሕፃናት ባለሙያዎች አዲስ ምግብ ልጅ እስኪቀበለው ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅረብ ሊኖርበት እንደሚችል ይናገራሉ። ብዙዎቻችን ግን ገና በጠዋቱ "አይወድም" ብለን እንዘጋዋለን።

ጎመን እስካሁን አይወድም። አድቅቄ ከትፌ፣ ከድንች ጋር ለውሼ፣ ቅቤ ጠብ ሳደርግበት ግን ይበላል። እንቁላል ከማሽላ እንጀራ ጋር ሲፈተፈትለት ደስ ይለዋል። ሻይ በዳቦ የሚባለውን የልጆች ቁርስ ግን ትተናል። ሻይ ሰውነት ከምግብ ብረት እንዳይወስድ ያውካል። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይም ብርቱካን ማስከተል ደግሞ ያግዛል።

ከሁሉ የረዳን ጎረቤታችን ናት። በዓቢይ ጾም ዕቃዋ እንዳይነካካባት ቤቷ እንቁላል አትጠብስም፤ ስለዚህ ልጇ እኛ ቤት ከልጄ ጋር ይበላል። በረመዷን ደግሞ ቀን ቀን የእኛ ምድጃ ስለማይነድ፣ ልጄ ምሳውን እሷ ጋ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ያንዱን አይቶ ሌላው ይበላል፣ ትሪው ባዶ ይሆናል።

ይህን እንደ ትንሽ ጉዳይ አንየው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት መቀንጨርን ለማስቆም የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ስሙን የወሰደው ከሰቆጣ ነው፣ የድሮዋ ወሎ ከተማ። መቀንጨር ምግብ በማጣት ብቻ አይመጣም። ሆድን በአንድ ዓይነት ምግብ ብቻ መሙላትም ያመጣዋል። ብስኩት የሚገዛበት ብር እንቁላል ይገዛል።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ በጤና ዓምዳችሁ በየአካባቢው ከሚገኝ እህልና አትክልት የሚዘጋጅ የሕፃናት ምግብ አሠራር እንድታወጡልን ነው። የእንቁላሉን ብቻ ሳይሆን የማሽላውን፣ የሽሮውን፣ የስኳር ድንቹን።

ደንበኞቼን ደግሞ እንዲህ ልለምን። ከሱቄ ማዶ ፍራፍሬ የሚሸጡ እናት አሉ። ባዶ እጃችሁን መምጣት ካልሆነላችሁ ሙዝ ወይም ፓፓያ ያዙለት። ለእኔ ስጡኝ፣ ከምሳ በኋላ እሰጠዋለሁ። ቆሎና ሙሉ ኦቾሎኒ ግን አይሆንም፣ ለእሱ ዕድሜ ትን የሚል ነገር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ልብስ ሰፊ አባት፣ ከኮምቦልቻ