የቅሬያችን ድንኳን ለአዛውንቶቻችን ጨዋታም ይተከል

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ጉዳዬ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ስለሚውሉት አዛውንቶቻችንና ስለ ቅሬያችን (ሌላው አገር እድር ስለሚለው) ነው።

እናቴ ተወልዳ ያደገችው ሐይቅ አጠገብ፣ ተሁለደሬ ገጠር ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን መኖሯ አላስችል ስላለኝ እኔ ዘንድ አመጣኋት። ያን ጊዜ 74 ዓመቷ ነበር። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደጅ የለው፣ ጓሮ የለው። እህል ላበጥር ስትል "ተይ እማዬ፣ እኔ አለሁ" እላታለሁ። ቡና ልቁላ ስትል "አንቺ እረፊ፣ ጭሱ ዓይንሽን ይጎዳሻል" እላታለሁ። ከልቤ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የለፋች እናት ትረፍ እንጂ!

በአራት ወር ውስጥ እናቴ ዝም አለች። ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጣለች፤ ልብ ብላ ግን አታየውም። ምግብ ቀነሰች። ቀን ስለምታንቀላፋ ሌሊት እንቅልፍ አጣች። "ምን ሆነሻል?" ስላት "ምን እሆናለሁ ልጄ፣ ቁጭ ብዬ" አለችኝ። ቁጭ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ የእንቁላል ካርቶን ልጥል ስል ከእጄ ተቀበለችኝ። 30 እንቁላል የሚይዘው ዓይነት ነው። ጣቷን በጉድጓዶቹ ላይ እያሳለፈች "ይሄ እኮ ገበጣ ነው" አለች። መቀስ አመጣሁ። ስድስት ስድስት ጉድጓድ ያለው ሁለት ረድፍ ቆረጥን። በየጉድጓዱ አራት ፍሬ፣ በድምሩ 48። መጀመሪያ ሽምብራ ነበር ያቀረብኩላት፤ ጣቷ ስለሚደነዝዝ አልያዝ አላት። በባቄላ ቀየርነው። ካርቶኑ እየተንሸራተተ ሲያስቸግር ከሥሩ እርጥብ ፎጣ አነጠፍን።

"በይ ከአንዱ ጉድጓድ ሁሉንም ዝገኚ" አለችኝ። "አንድ አንድ እየጣልሽ ዙሪ። የመጨረሻዋ ያረፈችበት ጉድጓድ ፍሬ ካለው እሱንም ዝገኚና ቀጥዪ። ባዶ ላይ ካረፈች ተራው የኔ ነው።" እኔ ጉድጓዶቹን በዓይኔ ቆጥሬ ሳልጨርስ እሷ የት እንደምታርፍ ታውቃለች። ልጅ ሆና ከብት ስትጠብቅ መሬት ቆፍረው በጠጠር ይጫወቱት እንደነበር ነገረችኝ። የእረኛ ጓደኞቿን ስም ሁሉ ጠራች። እኔ እንኳ ሰምቼው የማላውቀው ስም ነው። ያን ማታ እራቷን ጨርሳ በላች።

በማግስቱ ምድር ቤት ያሉት ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጡ። እማማ ያደጉት ቆቦ ነው። ገበጣውን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። የእሳቸው ሕግ ደግሞ ሌላ ሆነ። "እንዲህ አይደለም!" "ነው እንጂ!" ሲባባሉ አቦሉ ቀዘቀዘ። ቶናውም ተደገመ። በረካው ላይ ተስማሙ፤ አንድ ጊዜ በተሁለደሬ ሕግ፣ አንድ ጊዜ በቆቦ ሕግ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ታሪክ አጥኚው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነት መዝግበዋል። ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል ማለት ነው።

አሁን በእኛ ሕንጻ ሥር ሰባት ስምንት አዛውንት ይሰበሰባሉ። በአሰብ መንገድ ዘመናቸውን የነዱ ጡረተኛ ሹፌር አሉ። ጆሯቸው ስለከበደ ሰው መሀል መቀመጥ ትተው ነበር። ዳማ ግን ጆሮ አይፈልግም። ካርቶን ላይ 64 ቤት በእስክሪፕቶ አሠመርንላቸው፤ 24 ቆርኪ ለቀምን፤ 12ቱን በፊቱ፣ 12ቱን ገልብጠን ደረደርን። ጋሼ የሚያሸንፋቸው እስካሁን አልተገኘም። ከአሮጌ ካልሲ የጨርቅ ኳስ ሠርተናል። ክብ ሠርተው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ይወራወሩበታል። አንዳንዴ ግማሽ ድረስ አሸዋ የሞላ የሃይላንድ ላስቲክ ደርድረው በዚያችው ኳስ ይጥሉታል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደግሞ እንቆቅልሽ ይጀመራል። "እንቆቅልህ!" "ምን አውቅልህ!" መልሱ የጠፋው ልጅ "አገር ስጠኝ" ይባላል። ደሴን ሰጥቶ፣ ኮምቦልቻን ሰጥቶ፣ ወልድያም ሲያልቅበት የልጁን ፊት ብታዩት!

ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ገንዘብ የባቄላው ብቻ ነው።

እናቴ ዳነች አልልም። ጉልበቷ ያው ነው፣ ስኳሯም ያው ነው። ግን ጠዋት ስትነሳ የምትጠብቀው ነገር አላት። ነጠላዋን ራሷ ታጥባለች። ደረጃውን ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ትወጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ ደግሞ ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። "እማዬ፣ ስፖርት ሥሪ" ብላት መቼ ትሰማኛለች? ገበጣው ታች ስለሆነ ግን ትወርዳለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለው ሰፈር የለም። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ብርጭቆና ጀበና ይወጣል። ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም ይመጣል። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። ግን ያ ወንበር ለቅሶ እስኪመጣ መጋዘን ተቆልፎበት ይከርማል። የምንቀብራቸው አዛውንቶች ደግሞ ከመጋዘኑ አጥር ማዶ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የቅሬ መሪዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑን ክፈቱላቸው።

ቀኑ በጥንቃቄ ይመረጥ። ሰኞ ገበያ ነው፤ ዓርብ ጁምዓ አለ፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አለ። እኛ ረቡዕን መርጠናል። ሰዓቱ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ፣ ከአሱር ሶላት በፊት፣ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ቢሆን ለሁሉም ይመቻል። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ቆሎና ንፍሮ ይበቃል። ገንዘብ የሚያዝበት ጨዋታ ፈጽሞ አይግባ። ራሱን የሚያዞረው ሰው ኳስ ሲወረውር አይቁም፣ ተቀምጦ ይወርውር። የደሴ ብርድ ለጉልበት አይሆንምና ድንኳኑ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ይከፈት።

አንድ ነገር ልጨምር። እጃቸውን ይዘን "ጎበዝ! ጎበዝ!" እያልን እንደ ሕፃን እናጫውታቸው ማለቴ አይደለም። ይሄ ያስከፋቸዋል። እናቴ ገበጣ ላይ አስተማሪዬ ናት። ሕጉን ያወጡ፣ ይዳኙ፣ ይከራከሩ፤ እኛ ወንበሩን እናምጣ።

በየዓመቱ ኦክቶበር 1፣ በእኛ መስከረም 21 ገደማ፣ ዓለም አቀፍ የአረጋውያን ቀን ይከበራል። የተባበሩት መንግሥታት ቀኑን የወሰነው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የመንግሥቱ እርዳታ ይምጣ፣ እንጠይቀው። የቅሬያችንን ወንበር ለማውጣት ግን በጀት መጠበቅ የለብንም።

እናንተንም የምጠይቃችሁ አለ። በጋዜጣችሁ ላይ ትንሽ ቦታ ክፈቱና ከላስታ፣ ከደላንታ፣ ከቦረና፣ ከአምባሰል፣ ከወረባቦ ያሉ አንባቢዎች የወላጆቻቸውን የገበጣ ሕግ ጽፈው ይላኩ። ሕጉን የሚያውቁት ሰዎች ከ70 ዓመት በላይ ሆነዋል። እናቴ የተሁለደሬውን፣ እማማ የቆቦውን ነግረውኝ ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። ሁለቱንም አትሙልን፤ የአንዷን ብቻ ካተማችሁ ሌላዋ ታዝንብኛለች።

አንባቢያችሁ፣
ከደሴ