ጆሮውን የቆረጥኩት ብስክሌት

ጎንደር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ዳር ለሚገኘው በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) ለሚሠራው ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ ብዬ እንደ ድሮው ደብዳቤ ልጀምር አሰብኩና እጄ ተሳሰረ፤ ናፍቆት ያለበት ሰው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ዝም አይልም ብለህ እንደምትስቅብኝ አውቃለሁና። ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር ብዬም አላመካኝም፤ ለተወሰነው ጊዜ እውነት ቢሆንም ከተመለሰ በኋላ ያለውን ዝምታዬን አይሸፍንልኝም። የልጅህን ክርስትና በሰው አፍ ሰምቼ ስልክ እንኳ አልደወልኩም። በድያለሁ፣ ይቅር በለኝ። ይህን እዚህ ላይ ልተወውና ብዕር ያስነሣኝን ነገር ልንገርህ፤ ጉዳዬ ብስክሌትህ ነው።

ልትሄድ ስትነሣ «አደራ» ብለህ ከጓዳችን ጣሪያ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለህ ያንጠለጠልከውን የአባትህን ብስክሌት አልሸጥኩትም፣ አላከራየሁትም፣ ለማንም አላዋስኩትም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ቀጥሎ የምለውን እንድትታገሠኝ ነው። ብስክሌቱ ዛሬ አንተ የተውከው ብስክሌት አይደለም። ማርሾቹን በሙሉ አወረድኳቸው፣ ገመዶቹን ነቀልኩ፣ ከኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚታሰርባትን ከቴላዮው (ከብስክሌቱ ዋና አካል) ጋር አብራ የተሠራች የብረት ጆሮ ደግሞ በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ቆርጬ ቦታዋን በሞረድ አለሰለስኩት። የተቆረጠችውን ቁራጭ በጨርቅ ቋጥሬ አስቀምጫታለሁ፤ ለምን እንዳስቀመጥኳት ብትጠይቀኝ መልስ የለኝም፤ መልሶ እንደማይቀጠል ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ነገሩ የጀመረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ ለጥምቀት መጥቶ በስልኩ ላይ ማርሽ የሌለው፣ ገመድ የማይታይበት፣ በሁለት ክብና በጥቂት መስመር ያለቀ ብስክሌት ባሳየኝ ቀን ነው። እኔም «ማርሽ የሌለው ብስክሌትማ እህል ወፍጮ ቤት ስናመላልስበት የኖርነው ፊኒክስ አይደለምን?» ብዬ አሾፍኩበት። ልጁ ግን ልዩነቱን በትዕግሥት አስረዳኝ። በፊኒክሱ ላይ ፔዳሉን ስታቆም የኋላው ጥርስ ጢቅ ጢቅ እያለ ጎማውን ለብቻው ይለቀዋል፤ በዚህኛው ግን ጥርሱ ከሞዞው (ከጎማው እምብርት) ጋር አንድ ሆኖ ስለሚታሰር ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርህም ይዞራል፣ ቁልቁለትም ሆነ ሜዳ ማረፍ የሚባል ነገር የለም፣ ፍጥነትህን መቀነስ ስትፈልግ ደግሞ ፔዳሉን በእግርህ ወደ ኋላ ትቃወመዋለህ። አዲስ ነገር እንዳይመስልህ፤ በ1903 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ቱር ደ ፍራንስ እንኳ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ማርሽ መቀየሪያ የፈቀደው በ1937 ነው። ይህን የምጠቅሰው አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኢትዮጵያ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞችም አሰልፋ እንደነበር ሲነግሩን በኩራት የሚያነሡትን ጣት እያስታወስኩ ነው፤ እሳቸው ቢኖሩ ይቆጡኝ ወይስ ይፈርዱልኝ ነበር የሚለውን ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ።

ለምን ሌላ ብስክሌት አልገዛህም እንደምትለኝም አውቃለሁ። ገበያ ወጥቼ ሦስት አራት አይቻለሁ፤ የሁሉም የኋላ ጎማ የሚገባበት ስንጥቅ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተቆረጠ ነው። ማርሽ ያለው ብስክሌት የረገበችውን ካቴና የሚወጥርለት ባለ ሁለት ጥርስ ክንድ አለው፤ ያ ክንድ ከወረደ ካቴናዋ የምትወጠረው ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ብቻ ስለሆነ ስንጥቁ የተጋደመ መሆን አለበት። የአባትህ ብስክሌት ደግሞ ከድሮዎቹ ስለሆነ የተጋደመ ስንጥቅ አለው። እንግዲህ ከጎንደር ብስክሌት ሁሉ ለዚህ ሥራ የተፈጠረው ከራሴ ጓዳ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ሲገኝ እኔ ምን ላድርግ? (ይህ ሰበብ መሆኑን ስጽፈውም ይገባኛል።)

የመጀመሪያውን ቀን ባላወራልህ ደስ ባለኝ። አዘዞ ሜዳው ላይ ወስጄ ሞከርኩት፤ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ እንደ ልማዴ እግሬን ለማሳረፍ ስል ፔዳሉ አንሥቶ ገና እንዳልተገራ በቅሎ ወረወረኝ። ከሳምንት በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። ጎማው አስፋልቱን ሲነካ የሚሰማውን ሁሉ እግርህ ይሰማዋል፣ ካቴናዋ ዝም ትላለች፣ ከቆዳ እንደተሠራ ጫማ ቀስ በቀስ አካልህን ይለምዳል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጠዋት ጠዋት ከቤት የምወጣበት ምክንያት አግኝቻለሁ ብልህ ታምነኛለህ? ባለቤቴ አታምንም፤ «ሁለተኛ ሚስት» ትለዋለች።

የጥርሱን ቁጥር በተመለከተ ሞኝነቴን ልናዘዝልህ። ልጁ 16 ጥርስ ያለው የኋላ ላከልኝ፣ እኔም ለጉራ ከሌላ ብስክሌት የነቀልኩትን ባለ 48 ከፊት አሰርኩ። በአንድ የፔዳል ዙር ጎማው በትክክል ሦስት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ ከስድስት ሜትር በላይ ያስኬዳል። ጎንደር ግን 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ በኮረብታ የተሠራች ከተማ መሆኗን ረስቼ ከቀሃ ወንዝ ወደ ፒያሳ የሚያስወጣውን ዳገት ገፍቼ በእግሬ ነው የጨረስኩት። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ፔዳሉን ገትረህ ጎማውን ስታንሸራትት ሁልጊዜ ያው እግርህ ከፊት ስለሚሆን፣ ቁጥሩም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል፣ መሬቱን የሚፈገፍገው የጎማው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል፤ በአንድ ወር ውስጥ ያቺ ቦታ ተበልታ ክሩ ታየ፣ የቀረው ጎማ ግን እንደ አዲስ ነበር። አሁን ከፊት የአባትህን 42 መልሼ ከኋላ 17 አድርጌያለሁ፤ እነዚህ ሁለቱ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው መፈግፈጉ በ17 ቦታ ይከፋፈላል፣ ዳገቱም ይወጣል። የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪያችን ክፍልፋይን ማቃለል ይጠቅማችኋል ሲሉን የሳቅንባቸውን ታስታውሳለህ? እኔ አሁን አልስቅም።

ወደ ጉራው ልምጣ፤ ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ነውና። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ጃንተከል ዋርካ አካባቢ ብስክሌታቸውን እንዲህ የሠሩ አምስት ስድስት ጎረምሶች ይሰበሰባሉ፣ ከእነሱ መካከል ሽበት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። እግራቸውን መሬት ሳያስነኩ ፔዳሉን በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዙ በቆሙበት ሚዛን ጠብቀው ማን ብዙ ይቆያል ይባባላሉ። ፎቶ ማንሣትም የራሱ ሥርዓት አለው፦ ካቴናዋ ያለችበት ጎን ወደ ካሜራው ይዞራል፣ የፔዳሉ ክንድ ይጋደማል፣ የሁለቱ ጎማዎች ንፋስ መሙያ ወደ ታች ይሆናል፣ ከኋላ የፋሲል ግንብ አጥር ድንጋይ ይታያል። የአጥሩ ጠባቂ «አባቱ፣ ቤተ መንግሥት ላይ ብስክሌት አይደገፍም» ብሎ ሁለት ጊዜ አባሮኛል፤ እውነቱንም ነው። ሰው ግን ያያል፣ ይጠይቃል፣ «ፍሬኑ የታለ?» ይላል፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ «እግሬ ነው» እላለሁ። ለመልኩ ስል የፊቱን ፍሬን አውጥቼው ነበር።

ልጆቹ ፍሬን የማያስፈልግበትን ምክንያት ሲያስረዱ ከ1948 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጃፓን የሚካሄደውን ኬይሪን የተባለ ውድድር ይጠቅሳሉ። ኬይሪን ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ በሚሄድበት በተዘጋ መም ላይ እንጂ ሣር የጫነ አህያና ባጃጅ በሚተራመስበት መንገድ ላይ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር እንኳ እንዲህ ዓይነቱ ብስክሌት መንገድ ላይ ከወጣ የፊት ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያዝዛል። ይህን ያወቅሁት ከወደቅሁ በኋላ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ከፒያሳ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚወስደው ቁልቁለት ልጆቹን አስከትዬ ስወርድ ለማንሸራተት ፔዳሉን ገተርኩት፤ ያን ጊዜ ከሥሬ አንድ ነገር ጠቅ አለና እግሮቼ ወደ ኋላ በባዶ ተሽከረከሩ። ጥርሱ ከሞዞው ላይ ተፈትቶ ነበር። ፍሬን የለኝም፣ እግር የለኝም፣ ከፊቴ ሣር የጫነች አህያ አለች። የጫማዬን ሶል ጎማው ላይ ለመጫን ሞከርኩ፤ ሶሉ ሸተተ እንጂ አልቆምኩም። መጨረሻ ላይ ቤት ለመሥራት ከመንገድ ዳር የተከመረ አሸዋ ውስጥ ገባሁ። ክርኔ ተላጠ፣ ብስክሌቱ ምንም አልሆነም፣ አህያዋም ዞራ አላየችኝም። ልጆቹ አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ አንተ የሚያመጣኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሲቸግረው ብቻ ያስታውሰኛል ብትል እቀበላለሁ። የአባትህ ብስክሌት ሞዞ የተሠራው በነጻ ለሚዞር ጥርስ ስለሆነ አንድ የቀኝ ፊሌቶ (ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጠብቅ የብሎን ጥርስ) ብቻ አለው። ወደ ፊት ስትነዳ ጥርሱ ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ስትቃወመው ግን ይፈታል። እኔ ከፔዳሉ መሐል ኩሽኔታ ማሰሪያ ላይ የተገኘች ቀለበት ልኳ አንድ ስለሆነ በላዩ አጥብቄ ሙጫ ቀብቼበት ነበር፤ እሷም የቀኝ ስለሆነች ጥርሱ ሲፈታ አብራው ተፈታች። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሠራው ሞዞ ግን ከዋናው ፊሌቶ ውጭ ጠበብ ያለ ሁለተኛ እርከን አለው፣ እርከኑም የግራ ነው፤ ጥርሱ ለመፈታት ሲዞር ቀለበቷን የበለጠ ያጠብቃታል። ልኩ ይኸውልህ፦ ትልቁ 34.8 ሚሊ ሜትር የቀኝ፣ ትንሹ 32.8 ሚሊ ሜትር የግራ፣ ሁለቱም በኢንች 24 ጥርስ። ከአንዱ የፊሌቶ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ብለህ አታጠጋጋው፤ ከ1 ትንሽ ይበልጣልና ጥቂት ዙር ሄዶ ይነክሳል። አሁን ያለው ሞዞ እርከን ለማውጣት የሚበቃ ብረት አለው ወይስ ከውስጡ ያለው የኩሽኔታ መቀመጫ ይሳሳል የሚለውን እኔ መፍረድ አልችልም፤ ካሊፐር ይዤ ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስት የተለያየ ቁጥር አግኝቻለሁ። አይሆንም ካልክ ከክብ ብረት አዲስ አውጣልኝ፣ ብረቱንም ድካምህንም እከፍላለሁ። ገንዘብ አልቀበልም የምትል ከሆነ ሥራውን አትጀምረው፤ ከዚህ በላይ ባለዕዳህ መሆን አልችልም።

ሞዞውን ሰኞ ጠዋት በምናውቀው ሾፌር እጅ በጨርቅ ጠቅልዬ እልካለሁ። ያቺን የተቆረጠች ጆሮም አብሬ ልላክልህ ወይስ ልተዋት እያልኩ ሁለት ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ ከሞዞው ጋር ጠቀለልኳት፤ የአንተ ናትና። ቴላዮው እስካሁን የአባትህ ሰማያዊ ቀለም እንዳለ ነው፣ አልነካሁትም፣ ከመሪው ሥር በምስማር የጫርካት የስምህ መነሻ ፊደልም አለች። ልጆቹ ቀባው ቀባው ይሉኛል።

የፊቱን ፍሬን ትናንት መልሼ አስሬዋለሁ፤ መልኩን አበላሽቶታል። ለባለቤትህና ክርስትናው ላይ ላላየሁት ልጅ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ብትቆጣም ተቆጥተህ ጻፍልኝ፣ ሞዞውን ብቻ ባዶ ዝምታ ጠቅልለህ እንዳትመልሰው።

ወንድምህ