ማዳበሪያ ገብቶ ማዳበሪያ ያልሆነው ልጣጭ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አየር ጤና አካባቢ ትንሽ ጁስ ቤት አለችኝ። አቡካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አናናስ እንፈጫለን። በአዘቦት ቀን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ልጣጭ ይወጣል። በዐቢይ ጾም ሦስትም ይሆናል፤ ለብዙው ጾመኛ ምሳው ስፕሪስ ነው።

ማዳበሪያ ያልኩት ከረጢቱን ነው። የአዲስ አበባ ሰው ቆሻሻውን የሚያወጣው ድሮ ዩሪያና ዳፕ በሚመጣበት ከረጢት ነውና ስሙ እንደዚያው ቀረ። የሚገርመኝ፣ ውስጡ የምንከተው ነገር ብቻ ማዳበሪያ ሳይሆን መቅረቱ ነው።

አምና ልጣጩን ከሶፍቱና ከፕላስቲኩ መለየት ጀመርኩ። ሠራተኞቼን ለማስለመድ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጮኽኩ። አንድ ጠዋት ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪያቸውን እየገፉ መጡና ሁለቱንም ዓይኔ እያየ አንድ ላይ ገለበጡት። ደሜ ፈላ። አንዷን ጠርቼ ተቆጣኋት።

«እትዬ፣ ለይተን ብንወስደውስ የት እናደርሰዋለን? ገንዳው አንድ ነው» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቷን እኮ ነው።

ከገንዳው በኋላ የት እንደሚሄድ እኛ የዚህ ሰፈር ሰዎች እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ለቅሶ ተቀምጠናል። ከከተማው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው። ሲቆለል አየር ያጣል፣ ጋዝ ያወጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። በ2010 ቆሼ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። መልካም ነው። ግን የፓፓያ ልጣጭ ማንደድ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ፣ በክረምት እርጥብ ማገዶ ስትለኩስ ያደገች ሴት ትመስክር።

እኔ ልጣጩን መንገድ ዳር ለሚሠራ ችግኝ ሻጭ መስጠት ጀመርኩ። አፈር በመኪና እየገዛ ተቸግሮ ነበር። የመጀመሪያው ክምራችን ጉድ አደረገን። ሸተተ፣ ዝንብ ወረረው፣ ጎረቤት ሊከሰን ምንም አልቀረው። ጥፋታችን ልጣጭ ብቻ መቆለላችን ነው። ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ አመጣ፣ ደረቅ ቅጠል ጠራርጎ ጨመረ፣ አንድ ረድፍ እርጥብ አንድ ረድፍ ደረቅ አድርጎ ደረደረው።

«አንተም ስፕሪስ ጀመርክ?» አልኩት።

በየሁለት ሳምንቱ በአካፋ ያገላብጠዋል። ሲገላበጥ ይጨሳል፤ መሃሉ እጅ አያስከትትም። በአራተኛው ወር ጥቁርና ፍርፍር ያለ፣ ዝናብ የነካው መሬት የሚሸት ነገር ወጣው። የአቡካዶው ፍሬ ብቻ እምቢ አለ። ጭራሽ በቀለ! እሱንም በላስቲክ እያፈላ ሸጠው።

ይህ ሰው ግን ከእኔ ልጣጭ ሌላ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። አጠገቤ ሁለት ቁርስ ቤትና አንድ አትክልት ቤት አሉ፤ የእነሱ ሁሉ ገንዳ ይገባል። የጽዳት ክፍያ ከውሃ ሂሳብ ጋር ሁላችንም እንከፍላለን። ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው። ለጁስ ቤት፣ ለአትክልት ቤትና ለሆቴል ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ገንዳ ይቀመጥ። በሳምንት ሦስት ቀን ይነሳ፤ ልጣጭ ከዚያ በላይ አይቆይም። ሰብሳቢዎቹም ለይተው በማምጣታቸው ገቢያቸው እንዳይቀንስ ለልጣጩም ይከፈላቸው። ከተቻለ ኮምፖስቱን፣ ማለትም ከልጣጩ የሚወጣውን የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ራሳቸው ሠርተው ይሽጡ፤ ገዢው በየመንገዱ ችግኝ ደርድሮ ቆሟል።

መኖሪያ ቤቶችን ለጊዜው ተዉአቸው። በዚህ ኑሮ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል እንጂ ማን ይደፋዋል?

ያችን ልጅ ባለፈው ሳምንት አገኘኋት። ጋሪሽ ላይ መለያ ጣውላ ላስመታልሽ ወይ ብላት ሳቀች። «ገንዳው ይምጣ እንጂ እሱስ ቀላል ነው» አለችኝ።

የጁስ ቤት ባለቤት
ከአየር ጤና፣ አዲስ አበባ