«ወላጅ» የሚለው ባጅ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? «ደግሞ ዛሬ ምን ትዝ አላት?» ስትዪ ይሰማኛል። እውነትሽን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ። ልጁን ከትምህርት ቤት ወደ ኮሌጅ ማዛወሩ ፋታ ነሳኝ፤ ከዚያ ደግሞ መቆየቴ ራሱ አሳፈረኝና ይበልጥ ቆየሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ወር የላክሽውን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። «ካውንስላችን፣ ያው የአካባቢያችን አስተዳደር፣ የልዩ ፍላጎት ልጆችን አገልግሎት ሊቀይር ነው፣ ሙከራው ላይ ወላጆች እንድንሳተፍ ጠርተውናል። አንቺ ገብተሽበት ነበር አሉ። ልግባ ወይስ ጊዜ ማባከን ነው?» ነበር ያልሽው። ለዚህ በስልክ አጭር መልስ የለኝም፤ ለዚያ ነው የምጽፍልሽ።

አዎ፣ ገብቼ ነበር። ያኔ ተራርቀን ስለነበር ሙሉውን አልነገርኩሽም። በፈረንጆቹ 2012 ነው፣ ልጄ ሰባት ዓመቱ። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ እንደኛ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ የሚያውቀው ለልጁ የሚሰጠው ድጋፍ የሚጻፍበትን፣ «ስቴትመንት» የሚባለውን ወረቀት ነበር። ከ1981ዱ የትምህርት ሕግ ጋር የመጣ ነው። ያ ወረቀት ስለ ትምህርት ብቻ ነው የሚናገረው። ጤናው ሌላ ቢሮ፣ የማኅበራዊ እንክብካቤው ሌላ ቢሮ። የልጄን ታሪክ፣ ከአወላለዱ ጀምሮ፣ ስንት ሰው ፊት እንዳወራሁት አልቆጥረውም። መጨረሻ ላይ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤው ነበር።

መንግሥት በ2011 ግሪን ፔፐር፣ ማለትም ለውይይት የሚቀርብ የፖሊሲ ሐሳብ፣ አወጣና ይህን ሁሉ ወደ አንድ ዕቅድ እናመጣዋለን አለ። ትምህርቱ፣ ጤናው፣ እንክብካቤው በአንድ ሰነድ፣ ከልደት እስከ 25 ዓመት። ዛሬ ኢኤችሲፒ የምንለው ማለት ነው። ያንን በቅድሚያ እንዲሞክሩ 20 ቡድኖች ተመረጡ፣ በውስጣቸው 31 ካውንስሎች። «ፓዝፋይንደር» ይሏቸው ነበር። የኛም ሰፈር ገባበትና እኔም ተጠራሁ።

የመጀመሪያው ስብሰባ አይረሳኝም። ሁሉም ሰው ደረቱ ላይ ባጅ አለው፣ ስሙና የሥራ ድርሻው ተጽፎበት። የኔን ሲሰጡኝ አየሁት፣ «ወላጅ» ይላል። በቃ። ስም የለም። እንደ ዕቃ ምልክት ተለጥፎብኝ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ግን ከባጁ ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። የልጄ የንግግር ቴራፒስትና ከትምህርት ቤቱ የመጣችው ኃላፊ እፊቴ ተዋወቁ። ስልክ ተለዋወጡ። ሁለቱም ልጄን ሦስት ዓመት ሲከታተሉ የኖሩ ናቸው! እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያገናኛቸው ድልድይ እኔ ነበርኩ፣ ያውም በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ለኔ ሙከራው ሠርቷል። አንዲት ሴት መደቡልን፣ ጥቂት ቤተሰብ ብቻ የያዘች። ቤት መጣች። ልጁ የሚወደውን፣ የሚያስፈራውን፣ ሲከፋው ምን እንደሚያረጋጋው በአንድ ገጽ አብረን ጻፍን። ቢሮዎቹን እሷ ደወለችላቸው። በአራት ወር ዕቅዱ እጄ ገባ። ሰው የልጄን ወረቀት ከማንበቡ በፊት ልጄን ሲያውቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ መድረክ ላይ አወጡኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው። «ይሠራል» አልኩ። አለቀስኩም መሰለኝ። ተጨበጨበልኝ።

አሁን ወደሚከነክነኝ ልምጣ። ሙከራው የተጀመረው በ2011 መጨረሻ ነው። አዲሱን ዕቅድ ለሁሉም የሚያደርገው ረቂቅ ሕግ ፓርላማ የገባው በየካቲት 2013፣ እኛ ገና ስንሞክር። ሕጉ በመጋቢት 2014 ጸደቀ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 1 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ዱቄቱ ሳይቦካ ምጣዱ ተጥዷል። ሙከራው ደግሞ የራሱ ተጨማሪ ገንዘብ ነበረው። ገንዘቡ ሲያልቅ ያቺ ሴትም ኮንትራቷ አለቀ። ለሁሉም ቤተሰብ የተዳረሰው ቅጹ ነው። እሷ አልተዳረሰችም። የሠራው ግን እሷ ነበረች እንጂ ቅጹ አልነበረም።

ይህን የተረዳሁት አንዲት እናት መንገድ ላይ ስታስቆመኝ ነው። ዕቅዱን ስትጠብቅ ከዓመት በላይ ሆኗታል። ሕጉ 20 ሳምንት ነው የሚለው። «አንቺ አይደለሽ እንዴ መድረክ ላይ ጥሩ ነው ያልሽው?» አለችኝ። ምን ትያለሽ? ቆሜ ቀረሁ። አልዋሸሁም እኮ። ግን እኔ የቀመስኩት ለእንግዳ የተሠራውን ነበር።

ቅጹ ራሱ ሌላ ጉድ ነው። በየከተማው እንደኛ ያሉ ወላጆች ቁጭ ብለው የየራሳቸውን ቅጽ ነደፉ። ውጤቱ? ካውንስሎቹ ከ150 በላይ ናቸው፣ ቅጹም እንደዚያው ዓይነቱ ብዙ ሆነ። ከተማ የቀየረ ቤተሰብ እንደ አዲስ ፊደል ይቆጥራል። በ2023 መንግሥት በአዲሱ ዕቅዱ ቅጹ በአገር ደረጃ አንድ ይሁን አለና ይህንንም ለመሞከር አዳዲስ ሙከራዎች ተጀመሩ። ሳነበው ሳቄ መጣ። ቅጽ ከማድመቅ የተረፈኝ ማርከር እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ታዲያ ግቢ ነው የምልሽ ወይስ አትግቢ? ግቢ። አንቺ ካልገባሽ አንድ የማይጠይቅ ሰው ወንበሩን ይይዘዋል። ግን እኔ ያልጠየቅኩትን ጠይቂ። «ሙከራው ሲያልቅ እነዚህ ሠራተኞች ይቆያሉ?» በያቸው። «ምን ስታዩ ነው አልሠራም የምትሉት?» በያቸው። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ አንቺ ዝምታውን አትሙዪላቸው። መልሱ ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን ሳታዪ አትውጪ። መድረክ ላይ ከጠሩሽ ደግሞ ስንት ቤተሰብ እንደተሞከረበትና ማን እንደረዳሽ ጨምረሽ ተናገሪ። እኔ ያንን አላልኩም።

ስለ ልጅሽ ዕቅድ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ከሙከራው በላይ ይጠቅምሻል። መጀመሪያ የምታነቢው ክፍል ኤፍን ይሁን። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ምን ድጋፍ እንደሚሰጣት የሚጻፍበት ነው፣ ካውንስሉንም በሕግ የሚያስገድደው እሱ ነው። «እንደ አስፈላጊነቱ»፣ «በየጊዜው»፣ «ዕድል ታገኛለች» የሚሉ ቃላት ካየሽ በቀይ አስምሪባቸው። ባዶ ናቸው። በሳምንት ስንት ጊዜ? ለስንት ደቂቃ? ማን ነው የሚሰጣት? ይህ መጻፍ አለበት። የኔ ልጅ የመጀመሪያ ዕቅድ፣ ያ የተጨበጨበለት፣ «የንግግር ቴራፒ እንደ አስፈላጊነቱ» ይል ነበር። ያቺ ሴት ስትሄድ አስፈላጊነቱም አብሯት ሄደ።

እምቢ ካሉሽ ትሪቡናል አለ፣ እንዲህ ያለውን ክርክር የሚዳኝ ችሎት። ስሙ ያስፈራል እንጂ ጉዳዩ እስከ ውሳኔ ከዘለቀ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ነው የሚረታው። ጠበቃም ግዴታ አይደለም፣ እኔ ያለ ጠበቃ ነው የሄድኩት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። ደቂቃዎቹ በቁጥር የተጻፉት ከዚያ በኋላ ነው። በጤናና በእንክብካቤው በኩል ግን ብዙ አትጠብቂ፤ ከ2018 ወዲህ ዳኞቹ በዚያ ላይም አስተያየት ይሰጣሉ፣ ግን ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም። «አንድ ዕቅድ» የተባለው እዚያ ጋ ይሰነጠቃል።

ልጄ? ጎርምሶልሻል፣ በቁመት በልጦኛል። በሳምንት ሦስት ቀን ኮሌጅ ይሄዳል። አሁን ሕጉ የራሱን አስተያየት ስለሚጠይቅ የካውንስሉ ደብዳቤ የሚመጣው በሱ ስም ነው። ባለፈው ፖስታውን አነሳና ስሙን ረጅም ጊዜ አየው። ሳይከፍተው ወደ ክፍሉ ይዞት ገባ። ዓመታዊ ግምገማው መቼ እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም። ዛሬ ማታ እለምነዋለሁ።

የልጅሽ ረቂቅ ዕቅድ ከደረሰሽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ ክፍል ኤፍን አብረን እናየዋለን። በረቂቁ ላይ አስተያየትሽን ለመስጠት 15 ቀን ነው የሚሰጡሽ፣ ስለዚህ እንደኔ ሁለት ዓመት አትቆዪ።

ያንቺው