ለድሬው ወዳጄ፦ ስለ ጥርሰ ወላቃው በቆሎህ

ሐረር፣ ነሐሴ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤

እንደምን ከረምክ? እማማ፣ ልጆቹ፣ ቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ዝምታው በጣም ረዘመ። ማን ቀድሞ ጠፋ ብለን ብንሟገት እንደልማዳችን ስለማንስማማ እሱን እንተወው።

የላክኸውን የጣፋጭ በቆሎ ፎቶ አየሁት። ፍሬው እዚህም እዚያም ጎድሎ ጥርሱ የወላለቀ ሽማግሌ ነው የሚመስለው! «ማዳበሪያ አንሶት ይሆን?» ብለሃል። አይደለም አቦ። አገዳው ወፍራም ነው፣ ቅጠሉም እስከ ታች አረንጓዴ ነው፤ የራበው በቆሎ ከታች ቅጠሉ ነው ቢጫ መሆን የሚጀምረው። ያንተ በቆሎ ያጣው የአበባ ብናኝ ነው።

ከእሸቱ ጫፍ ከሚወጣው ጸጉር እያንዳንዱ ክር ከአንድ ፍሬ ጋር የተያያዘ ነው። ብናኝ ያልደረሰው ክር ፍሬው ባዶ ይቀራል። ብናኙ የሚወርደው አናቱ ላይ ካለው ወንዴ አበባ ሲሆን የሚያደርሰውም በዋናነት ንፋስ ነው። አንተ ደግሞ አጥሩን ተከትለህ በአንድ መስመር ስለዘራህ ብናኙ ወደ ጎረቤት ግቢ ሄዷል። በዚያ ላይ ሚያዝያ የተዘራ በቆሎ ጸጉር የሚያወጣው ሰኔ ላይ ነው፤ ያውም የድሬ ሰኔ! ሙቀቱ 35 ዲግሪን ሲያልፍ ብናኙ ቶሎ ይሞታል፣ ጸጉሩም ይደርቃል። ያን ሰሞን ውሃ ከጠማው ደግሞ ጸጉሩ ይዘገይና ብናኙ ካለቀ በኋላ ብቅ ይላል።

ስለዚህ የምትዘራበትን ቀን ጸጉር ከሚወጣበት ጊዜ ወደ ኋላ ቆጥረህ ምረጥ። ድሬ ላይ ከዘር እስከ ጸጉር ከ50 እስከ 55 ቀን ግድም ያዝ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ብትዘራ አበባው ኅዳር ላይ ያርፍልሃል፤ ሙቀቱ በረድ ይላል። የእኛን የሐረርን አቆጣጠር አትከተል፤ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን እዚህ ሁሉም ነገር ይዘገያል።

አዘራሩን እንዲህ አድርገው። አጥሩ ሥር 12 ሜትር ላይ የደረደርካቸውን ያህል ተክሎች 3 ሜትር በ3 ሜትር በሆነ መደብ ላይ ሰብስባቸው፤ አራት መስመር፣ በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 25 ሳንቲሜትር። ከአራት መስመር በታች አትውረድ። አስቀድመህ ሁለት ጆንያ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅል። በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ፍሬ፣ 3 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይበቃል። የጣፋጭ በቆሎ ዘር የተጨማደደና ስንቁ ትንሽ ስለሆነ ከጥልቅ አይወጣም፤ አሳድረህም አትዘፍዝፈው፣ ይበሰብስብሃል። ቁመቱ 10 ሳንቲሜትር ሲሆን ደካማውን በመቀስ ቁረጠው፤ ከነቀልከው የቀሪውን ሥር ታናጋለህ።

ዩሪያ ሁለቴ፦ ጉልበት ሲደርስና ወንዴው አበባ ሊወጣ ሲል። ለአንድ ተክል ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከአገዳው 10 ሳንቲሜትር ራቅ አድርገህ፣ አፈር አልብሰህ ወዲያው አጠጣ። ከላይ በትነህ ከተውከው ከፊሉን አየር ይወስደዋል። ስትኮተኩት በስሱ ይሁን፤ ሥሩ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው።

ለዚህ መደብ ውሃው በሳምንት ከ13 እስከ 18 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍለህ፣ ጠለቅ አድርገህ አጠጣ። ቆጥበህ የምታጠጣ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ቆጥብ፤ ከአበባ እስከ ለቀማ ግን አደራ።

ጸጉሩ ብቅ ሲል ጠዋት ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ወንዴውን አበባ ጋዜጣ ላይ አራግፈውና ቢጫውን ዱቄት ጸጉሩ ላይ ነስንስ። ሦስት አራት ጠዋት ደጋግመው። ለጓሮ ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ አላውቅም።

የጎረቤትህ ተራ በቆሎ ባንድ ሰሞን ካበበ ፍሬህ ደርቆ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ የአበባው ጊዜ ቢያንስ በሁለት ሳምንት ይለያይ። ፈንድሻም ያው ነው። ማሽላ ግን ዘመዱ ቢሆንም አይዳቀሉምና አትጨነቅ።

ተምች ነገር አለ። በ2009 ዓ.ም. አገር ውስጥ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ጓሮንም አይምርም። በየሁለት ቀኑ የለጋውን ቅጠል ጉያ ገልጠህ እይ፤ እንደ ሰጋቱራ ያለ ኩስ ካየህ እሱ ነው። ጅራቱ አጠገብ አራት ጥቁር ነጥቦች በካሬ ተደርድረው ታገኛለህ። በእጅህ ልቀመው፣ ቅጠል ላይ የተከመረውን እንቁላል ጨፍልቅ፣ ጉያው ውስጥ ቆንጠር አድርገህ አመድ ጨምር። ለዚህች መደብ መርጫ ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም።

ጸጉሩ ከወጣ ከ18 እስከ 22 ቀን ባለው ጊዜ፣ ጸጉሩ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ሽፋኑ ግን ገና አረንጓዴ እያለ፣ አንዱን ፍሬ በጥፍርህ ወጋ። ንጹህ ውሃ ከወጣው ሁለት ሦስት ቀን ታገሥ፤ ወተት ከሆነ ዛሬውኑ ልቀም፤ ሊጥ ከሆነ አልፎበታል፣ ከሰል ላይ ጥበሰው። ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ ወደ ስታርች መለወጥ ስለሚጀምር ጠዋት ለቅመህ ወዲያው ወደ ድስት። እንደ ተራው እሸት ሰዓት ሙሉ አትቀቅለው፤ በፈላ ውሃ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ጨው ከፈለግክ ሲወጣ ነስንስበት።

ከምርትህ ዘር አታስቀር፤ ፓኬቱ ላይ ድቅል የሚል ካለ ልጁ እንደ እናቱ አይወጣም። አዲስ ዘር ካላገኘህ ንገረኝና በሚኒባስ ልላክልህ፤ ግን ከመስከረም በፊት አሳውቀኝ።

እማማን ሳምልኝ።

ያንተው